ለማሽኑ የተነገረ ዳጉ

በኡዳሌ ሰው ጠዋት ሲነሳ ፊቱን ሳይታጠብ ሰሌዳውን ያያል። ሰሌዳው ከውሃ ማደያው ጣሪያ በላይ ስለተሰቀለ ከየትኛውም ደጃፍ ይታያል፤ የሚወጣበትም አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ከሃምሳ በታች ከሆነ የመጠጥ ውሃው ቦቴ ሁለቴ ይመጣል፣ ክሊኒኩ ይከፈታል፣ ዘጠነኛው የነዳጅ መስክ የቀን ሠራተኛ ይጠራል። ከሃምሳ ካለፈ ቦቴው አንዴ ብቻ ይመጣል። ስድሳን ሲያልፍ ክሊኒኩ ይዘጋል። ሰባ ከሞላ ከተማው ይታጠፋል። መታጠፍ ማለት አውቶቡሶች መጥተው ሰውን ሁሉ ይወስዳሉ፣ የከብቱ ጉድጓድ በኮንክሪት ይደፈናል፣ ቤቶቹ ይፈርሳሉ ማለት ነው። በ2079 ዓ.ም. ብቻ በቧንቧው መስመር አራት ከተሞች ታጥፈዋል። ስማቸውን ጮክ ብሎ የሚጠራ የለም፤ መጥራቱም ነጥብ ይጨምራል ይባላል፣ እውነት ይሁን ውሸት አላህ ይወቅ።

ቁጥሩን የሚያወጣው አዲስ አበባ ያለ የመድን ቢሮ ነው። ነዳጅ አውጪዎቹ ያለ መድን አንዲት ቱቦ አይቀብሩም፤ መድኑ ደግሞ በረሃ የገቡት ታጣቂዎች የት እንደሚያድሩ ሳያውቅ አይፈርምም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ይመዘናል። ባለሱቁ ኮንጎ ጫማ ለአንድ ሰው ከአንድ ጥንድ በላይ አይሸጥም፤ ሦስት ጥንድ የገዛ ሰው ለማን ሊሰጥ ነው? ወንድ ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው አንድ ነጥብ ስለሚጨምር፣ እናቶች ልጆቻቸውን አሥራ አራት ሳያልፉ ዘመድ ጋ ይልካሉ። ከሃያ ሰው በላይ መሰብሰብ ሁለት ነጥብ ነው፤ ስለዚህ ለቅሶ በተራ ሆነ። አሥር ሰው ይገባል፣ ሃያ ደቂቃ አልቅሶ ይወጣል፣ ሌላ አሥር ይገባል። መጀመሪያ ሰሞን ሰው አጉረምርሞ ነበር። አሁን ግን ተራው ሲደርስ ሮጦ ይገባል፣ ሰዓቱ ሲያልቅ እንባውን ጠርጎ ይወጣል። ሰው የማይለምደው ነገር የለም፣ ጉድ ነው።

ያዮ ደርሳ ሥራው መንገድ ዳር፣ ዳስ ሥር መቀመጥ ነበር። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም።

ዳጉን የማያውቅ ካለ ባጭሩ እንንገረው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ እንዲሁ ሰላም ተባብለው አይተላለፉም። ቁጭ ይላሉ። አንዱ ከተነሳበት ጀምሮ ያየውንና የሰማውን፣ የት ዝናብ እንደጣለ፣ የማን ግመል የት እንደወለደች፣ ማን እንደሞተ፣ አንድም ሳያስቀር ይናገራል። ሌላው «ሰማሁ» እያለ ይቀበላል። ከዚያ እሱም በተራው ይሰጣል። የተቀበሉትን ለሚቀጥለው መንገደኛ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ማስረከብ ግዴታ ነው። ስልክ ባልነበረበት ዘመን በዚያ በረሃ የሰው ነፍስ ያቆየው ይህ ነው፤ ስልክ ከመጣም በኋላ የበረሃ ሰው የስልኩን ወሬ በዳጉ ሳያጣራ አያምንም።

የመድን ቢሮው ይህን እስኪረዳ ዓመታት ፈጅቶበታል። ድሮን አበረረ፣ ካሜራ ተከለ፣ የሱቅ ደረሰኝ ሰበሰበ፤ እዚህ አገር ነገር ሁሉ በሰው አፍ እንደሚሄድ የገባው በመጨረሻ ነው። ማሽን አምጥቶ መስቀለኛው መንገድ ላይ ቢያስቀምጥ መንገደኛው አይቶት ዞሮ ሄደ። ከሽማግሌዎች ጋር ንግግር ሆነ። ውሉም ይህ ነበር፦ ማሽኑ የመንገደኛ አፍ አይሰማም። የሚሰማው ያዮ ነው። በአሥር ሰዓት ላይ ያዮ ከዳሱ ጀርባ ወዳለችው ክፍል ገብቶ፣ ልክ ለሰው እንደሚሰጥ፣ ለማሽኑ ዳጉ ይሰጠዋል። «እሱም መንገደኛ ነው» አሉ ሽማግሌዎቹ፤ እየቀለዱ ይሁን ራሳቸውን እያጽናኑ አልታወቀም። ማሽኑ የሴት ድምፅ አለው። ያዮ አንድ ነገር በተናገረ ቁጥር «ሰማሁ» ይላል። የራሱን ዳጉ ግን ሰጥቶ አያውቅም።

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ። ቁጥሩ ሲወጣ ያዮን የወቀሰ፣ ሲወርድ ያመሰገነ ሰው አልነበረም፤ የሰማውን ነው የሚናገረው፣ ሌላ ምን ያድርግ? እንዲያውም ሁለት ሰዎች በወሬ ሲከራከሩ «ያዮ ብሎታል» ከተባለ ክርክሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ያዮ ይህን ይወድ ነበር። ለማንም አይናገርም እንጂ፣ ከቤቱ እስከ ዳሱ ሲራመድ ቀና ብሎ የሚራመደው በዚህ ምክንያት ነበር።

በዚያ ማክሰኞ ሰሌዳው ስድሳ አንድ ይላል። ክሊኒኩ ተዘግቷል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አባ ሎኢታ የሚባሉ ግመል ነጂ ሽማግሌ ከሰሜን መጥተው ዳሱ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ውሃ ጠጡ። ያዮም ዳጉ ጠየቃቸው።

«ከላይኛው ግጦሽ ተነሳሁ» አሉ አባ ሎኢታ።

«ሰማሁ።»

«ሣሩ አልቋል። የደታ ልጆች ሁለት ግመል ሞቶባቸዋል። አንዲቷ እርጉዝ ነበረች።»

«ሰማሁ።»

«መኪና መንገዱ ደረቁን ወንዝ በሚያቋርጥበት ቦታ የስምንት ሰው ዱካ አገኘሁ። ኮንጎ ጫማ ነው። ተረከዛቸው ጠልቋል፤ ሸክም አለባቸው። መንገዱ መሃል ላይ መሬቱ ተቆፍሮ ተመልሷል፣ በቅጠልም ጠርገውታል። ዛሬ ጎህ ሳይቀድ የተሠራ ነው። ግመሎቼን በዳር በኩል አዞርኳቸው።»

ያዮ ወደ ሰሜን ተመለከተ። «ሰማሁ» አለ።

ይህችን ቃል ካሉ በኋላ ነገሩ የእርስዎ ነው፤ ማስረከብ አለብዎት። ያዮ ይህን ከናቱ ጡት ጋር ጠጥቶታል። የራሱን ዳጉ ሰጥቶ ሽማግሌውን ወደ ደቡብ ሸኛቸውና ብቻውን ተቀምጦ ማሰላሰል ጀመረ። አምና ታችኛው መንገድ ላይ የሦስት ሰው ዱካ ታየ ተብሎ ዘጠኝ ነጥብ ጨምሯል። ይሄ ደግሞ ስምንት ሰው ነው፣ ሸክም አለ፣ መንገድ ተቆፍሯል። በአሥር ሰዓት ይህን ለማሽኑ ቢሰጥ ኡዳሌ አልቆለታል። የአባቱ መቃብር ያለበት፣ አያቶቹ የቆፈሩት ጉድጓድ ያለበት ኡዳሌ።

ስለዚህ ለማሽኑ ላለመናገር ወሰነ። ውሸት ነው ብሎ አላሰበም። ማዘግየት ነው አለ ለራሱ። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ፣ ከማሽኑ ጆሮ ርቆ ይነግራቸዋል፤ እነሱም እንደ ከዚህ ቀደሙ ድንጋይ ደርድረው መንገዱን ይዘጋሉ፣ ነገሩን በሽምግልና ይጨርሱታል። ይህን አስቦ ደስ አለው። ብልህ ሰው ነኝ ብሎ አሰበ፤ ይህንን በኋላ ሲያስታውሰው ነው ይበልጥ የሚያፍረው።

ሦስት ሰዓት ሲል ቦቴው መጣ። ሹፌሩ ጋአስ የያዮ እህት የሙሚና ባል ነው። ባዶውን ቦቴ ይዞ ወደ ዘጠነኛው መስክ ሄዶ ውሃ ሞልቶ ይመለሳል፤ መንገዱም በደረቁ ወንዝ በኩል ነው። ሁልጊዜ ወርዶ ዳጉ ይቀባበላሉ። የዚያን ቀን ግን ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት ብቅ አለ።

«አማቼ፣ ዳጉ?»

«አትወርድም? ትንሽ ቁጭ በል» አለ ያዮ።

«ዛሬ ደቂቃ የለኝም። ትናንት ያላግባብ ቆምክ ብለው ጽፈውብኛል። አንተ ጥላ ሥር ተጎልተህ ሠራተኛ ታስፈታለህ» ብሎ ሳቀ ጋአስ። «ባጭሩ ንገረኝ፣ መንገዱ እንዴት ነው?»

ጋቢናው ውስጥ፣ ከመሪው በላይ፣ ቀይ መብራት ይበራል። የድርጅቱ መኪና ሁሉ ጆሮ አለው። ያዮ መብራቱን አየ። ወደ መስኮቱ ተጠግቶ እጁን ይዞ ሊያወርደው ይችል ነበር። በእጁ ምልክት ሊያሳየው ይችል ነበር። ልጅ ሆነው ከብት ሲጠብቁ በዓይን ብቻ ይግባቡ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

«ሰላም ነው» አለ።

«ምንም የለም?»

«ምንም የለም።»

«ሰማሁ» አለ ጋአስ። ከዚያ የያዮን ሽርጥ አይቶ «ለልጆቼ አጎት እንዲህ አዳፋ መልበስ ነውር ነው፤ ሙሚና ታጥብልህ» ብሎ ተረበውና ነዳ።

እስከ ደረቁ ወንዝ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ያ ግማሽ ሰዓት የያዮ ነበር፣ ማንም አልወሰደበትም። ስልኩን ሁለት ጊዜ አነሳ፤ ስልኩም ጆሮ አለው። ሁለት ጊዜ መልሶ አስቀመጠ። ጋአስ ትናንትም በዚያው ሄዷል አለ። ባዶ ቦቴ ማን ይመታል አለ። ምናልባት ኮንትሮባንድ የቀበሩ ሰዎች ይሆናሉ አለ። ሦስተኛ ጊዜ ስልኩን ሲያነሳ በሰሜን በኩል ጭስ አየ። ድምፁ ዘግይቶ ደረሰ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ካለው ቢሮ ወይዘሪት ኬብሮን ደወለች። የኡዳሌን ቁጥር የምታወጣው እሷ ናት። ያዮ በአካል አይቷት አያውቅም፤ ድምፅዋ ግን ትሑት ነው፣ ሁልጊዜም ጤናውን ትጠይቃለች።

«አቶ ያዮ፣ እንደምን ዋሉ። የቦቴ አደጋ ደርሷል፣ ሰምተዋል። ሹፌሩ ከማለፉ በፊት መንገዱ ሰላም ነው ብለውታል። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነሽ።»

«ጠዋት ከሰሜን የመጣ ሰው ነበር?»

«ነበር።»

«የተለየ ነገር ነግሮዎታል?»

መልሱን ሳትጠብቅ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አቶ ያዮ፣ ፈንጂ ነው ብዬ ከጻፍኩ መስመሩ በሙሉ እንደገና ይመዘናል። የጎማ ፍንዳታ ነው ካልኩ አይመዘንም። እዚህ ፈንጂ ብዬ እንድጽፍ የሚፈልግ ሰው የለም። ግን ከእርስዎ ቃል ውጪ የምይዘው ነገር የለኝም።»

«አልነገረኝም» አለ ያዮ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች ከልቧ። «እንግዲያው የጎማ ነው።»

በማግስቱ ሰሌዳው ስድሳ አለ። ክሊኒኩ ተከፈተ።

የጋአስ ለቅሶም በተራ ሆነ። ያዮ የሙሚና ወንድም ስለሆነ በመጀመሪያው አሥር ውስጥ ገባ። አለቀሰ፤ እንባው የእውነት ነበር፣ ጋአስን ይወደው ነበርና። ግን እያለቀሰ ሳለ፣ ሰው ትከሻውን እየነካ «አይዞህ» ሲለው፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። የእህቱን ፊት ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ሃያ ደቂቃው አልቆ ውጡ ሲባል ከሁሉ ቀድሞ የወጣው እሱ ነው።

ሙሚና በአምስተኛው ቀን ወደ ዳሱ መጣች። የጋአስ አጎቶች ከደቡብ ለለቅሶ መጥተው ነበር፤ መንገድ ላይ ያገኟቸው ደግሞ አባ ሎኢታን ነው። ዳጉ እንዲህ ነው፣ አይቆምም። ያዮ ግን ይህን አላወቀም። ለእንግዳ እንደሚደረገው ውሃ ሰጣት። አልጠጣችም። ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ ወንድሟ ሳይሆን ከማያውቁት አገር የመጣ ሰው ይመስል፣ እንደ ሥርዓቱ ዳጉ ጠየቀችው።

«የማክሰኞውን ስጠኝ» አለች። «ከጠዋቱ ጀምር።»

«ማክሰኞ ጠዋት ዳሱን ከፈትኩ።»

«ሰማሁ።»

«አባ ሎኢታ ከላይኛው ግጦሽ መጡ። ሣሩ አልቋል አሉ። የደታ ልጆች ሁለት ግመል ሞቶባቸዋል።»

«ሰማሁ። ሌላስ?»

ዳሱ ጀርባ ያለው ክፍል በር ክፍት ነበር። ማሽኑ እንደ ውሉ አይሰማም፤ ወይም አይሰማም ተብሏል። ያዮ በሩን አየ፣ ከዚያ የእህቱን እግር አየ።

«ሌላ የለም። ጋአስ በሦስት ሰዓት መጥቶ አለፈ። የጎማ ነው አሉ።»

ሙሚና ቀና ብላ አየችው። «ሰማሁ» አለች። ከዚያ ተራው የእሷ ነበር፤ ዳጉ የተቀበለ ሰው ሳይሰጥ አይነሳም፣ እንኳን ሙሚና ሕፃን ልጅም ያውቃል። ተነሳች። ነጠላዋን ከጉልበቷ ላይ አራገፈች።

«የእኔን አንተ ታውቀዋለህ» አለችና ሄደች።

ከዚያ ቀን በኋላ ለያዮ ዳጉ የነገረ ሰው የለም። አልሰደቡትም፣ አልሸሹትም። መንገደኛው ይመጣል፣ ሰላም ይላል፣ ውሃውን ጠጥቶ ያመሰግናል። ያዮ ዳጉ ሲጠይቅ ሰውየው አድማሱን እያየ ጥቂት ይቀመጥና ይነሳል። ሃያ እርምጃ ሄዶ ከሌላ መንገደኛ ጋር ሲገናኝ ግን ሁለቱም ቁጭ ይላሉ፣ እጃቸው ይንቀሳቀሳል፣ «ሰማሁ፣ ሰማሁ» ሲባል ለያዮ ይሰማዋል። በአሥር ሰዓት ማሽኑ ፊት ይቀመጣል።

«ዛሬ ማንም አልነገረኝም።»

«ሰማሁ» ይላል ማሽኑ።

ሰሌዳው ስድሳ ሁለት አለ። ከዚያ ስድሳ አራት። ከዚያ ስድሳ ስድስት።

ወይዘሪት ኬብሮን ደወለች። «ሰዉ ለምን ዝም አለ?» አለች። «አቶ ያዮ፣ ቅር አይበልዎትና፣ የታጠፉት ከተሞች ሁሉ መጀመሪያ ያደረጉት ዝም ማለት ነው። ዝምታ በቀን ሁለት ነጥብ ነው። የማላውቀው ነገር ካለ ይንገሩኝ።»

አለ ማለት ይችል ነበር። ዝም ያሉት ከታጣቂዎቹ ጋር ሆነው አይደለም፣ እኔን ንቀውኝ ነው ማለት ይችል ነበር። ግን ይህን ካለ ለምን ናቁህ ትለዋለች። «የለም» አላት። «ሐዘን ላይ ስለሆኑ ነው።»

በማግስቱ ወደ ሙሚና ቤት ሄደ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ግባ እስክትለው ጠበቀ፤ አላለችውም። እዚያው በቆመበት ተናገረ።

«ሰሌዳውን አይተሽዋል። ለእኔ ብለሽ አይደለም፣ ለከተማው ስትይ ይንገሩኝ በያቸው።»

«እኔ አትንገሩት አላልኩም» አለች ሙሚና። የፍየል ቆዳ እየፋቀች ነበር፣ ሥራዋን አላቆመችም። «ሰጥቶ ነው የሚቀበሉት። አንተ መጀመሪያ ስጥ።»

«ብሰጥ እኮ ሰባን ያልፋል።»

«ባትሰጥስ?»

«ምናልባት እስከዚያ... ሌላ ነገር ይፈጠር ይሆናል።»

ቆዳውን አስቀምጣ ቀና አለች። «ያዮ፣ ስለ ኡዳሌ ነው የምትፈራው ወይስ ስለ ያዮ?»

ከደጃፉ ተመልሶ ሲሄድ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ የሄደበትም በጓሮ ዞሮ ነው፣ የሰው ዓይን ፈርቶ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ጥያቄዋ ለእሱም አዲስ አልነበረም። አባ ሎኢታን «ሰማሁ» ካላቸው ደቂቃ ጀምሮ ሲሸሸው የነበረ ጥያቄ ነው። ኡዳሌ ብትታጠፍ ያዮ ያለ ዳስ፣ ያለ «ያዮ ብሎታል» ይቀራል። የፈራው ይህን ነበር።

ሰሌዳው ስድሳ ስምንት ባለ ቀን፣ በአሥር ሰዓት፣ ያዮ በአሥራ አንድ ዓመት አድርጎት የማያውቀውን አደረገ። ፈጠረ።

«ዛሬ ሁመድ ኡንዳ መጣ» አለ ለማሽኑ። ሁመድ ኡንዳ በየሁለት ሳምንቱ ጨው ጭኖ ከታችኛው መንገድ የሚመጣ፣ ሁሉ የሚያውቀው ሰው ነው። ከእሱ የተሻለ ሰው ሊታሰበው አልቻለም። «ከታችኛው መንገድ ተነሳ።»

«ሰማሁ።»

«መንገዱ ሰላም ነው አለ። ፍየሉ መንታ ወልዳለች። ሚስቱ ደህና ናት። ዝናብ ሊመጣ ነው አለ። ሰዉ ሁሉ ደስተኛ ነው አለ።»

ያዮ ጠበቀ። ማሽኑ በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ «ሰማሁ» ሳይል ቀረ።

ስልኩ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጮኸ። ወይዘሪት ኬብሮን ጤናውን አልጠየቀችም።

«ሁመድ ኡንዳ የሞተው ከአራት ቀን በፊት ነው» አለች። «ቀብሩን የታችኛው ዳስ ሰው አስመዝግቦታል። ኡዳሌ ውስጥ ይህን ያልሰማ ሰው ይኖራል?»

አልነበረም። ከአንድ ሰው በስተቀር መላው ከተማ ሰምቶ፣ አዝኖ፣ ፋቲሃ አድርጎለት ነበር። ያዮ ስልኩን እንደያዘ ተቀመጠ። የሞተን ሰው አፍ ተውሶ ዋሽቷል፤ መሞቱንም ያላወቀው ማንም ሊነግረው ስላልፈለገ ነው።

«እዚህ የሚሉት» አለች ኬብሮን ቀስ ብላ፣ «ወይ ዳሱ በታጣቂዎቹ እጅ ገብቷል፣ ወይ እርስዎ ተገድደው ነው የሚናገሩት። ሁለቱም አሥራ አምስት ነጥብ ነው። አዝናለሁ።»

«ማንም አላስገደደኝም።»

«እንደሱ ባይሉ ነው የሚሻልዎት፤ እኔ ተገድደው ነው ብዬ ጽፌያለሁ። እንዳይቀጡ ነው። ሰዉ በሚወሰድበት አዲሱ ሰፈር ላይ ዳስ ይከፈታል፤ ሰዉን የሚያውቅ እንደ እርስዎ ያለ ስለሌለ ቦታውን ይዤልዎታለሁ።»

አመሰገናት። ሌላ ምን እንደሚባል ስላልመጣለት አመሰገናት፤ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ግን የተናገራት ቃል አፉ ውስጥ መረረው።

አውቶቡሶቹ ሐሙስ በአንድ ሰዓት መጡ። ሰሌዳው ሰማንያ ሦስት ይላል። ኡዳሌ በየወሩ ልምምድ ስታደርግ ስለኖረች ግርግር አልነበረም፤ እያንዳንዱ ቤት የመታጠፊያ ሻንጣውን ይዞ በተራው ቆመ። ከአውቶቡሶቹ ጋር የመጣች ልጅ ስም ትጠራለች፣ ሰው «አለሁ» ብሎ ይወጣል። የኮንክሪቱ መኪና ከብት ጉድጓዱ ጋ ቆሞ ይሽከረከራል። ሽማግሌዎቹ የመጀመሪያው ኮንክሪት ሲፈስ እንዳያዩ ፊታቸውን ወደ አውቶቡሱ ግድግዳ አዞሩ። ሙሚና ሦስት ልጆቿን አስቀድማ ስትሳፈር በያዮ አጠገብ አለፈች፣ ሰላምም አለችው። ሁሉም ሰላም ብለውታል። አንድ ሰው እንኳ ድንጋይ ቢወረውርበት ይሻለው ነበር።

ስሙ ሲጠራ ያዮ ግመሌን በእግር እነዳለሁ አለ። ስም ጠሪዋም መዝግባ አለፈችው። አውቶቡሶቹ አቧራቸውን አስነስተው ሄዱ።

እስከ አዲሱ ሰፈር የሁለት ቀን መንገድ ነው። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ያዮ አንድ ግራር ሥር አረፍ ባለበት፣ ሦስት ግመል የሚነዳ ጎልማሳ ከምሥራቅ በኩል መጥቶ ተቀመጠ። አይተዋወቁም። ሰውየው ከሩቅ አገር ነው፤ ወደ አዲሱ ሰፈር ወተት ሊሸጥ እንደሚሄድ ተናገረ። ውሃ ተካፈሉ። ከዚያ ሰውየው እንደ ማንኛውም መንገደኛ፣ ምንም ሳያስብ ጠየቀው።

«ዳጉ?»

«ከኡዳሌ ተነሳሁ» አለ ያዮ።

«ሰማሁ።»

እዚህ ላይ ማቆም ይችል ነበር። ኡዳሌ ታጠፈች፣ ሰዉ በአውቶቡስ ሄደ ቢል ውሸት የለውም፤ ሰውየውም የሚጠይቀው ተጨማሪ ነገር የለም። እነ ሙሚና አዲሱ ሰፈር ላይ ለሺህ እንግዳ ሰው የእሱን ነገር እየዞሩ አይነግሩም፣ ኩሩ ሰዎች ናቸው። ዳሱም ተይዞለታል። ያዮ ግን ቀጠለ።

«ከዛሬ አሥራ ሰባት ቀን በፊት፣ ማክሰኞ፣ አባ ሎኢታ የሚባሉ ሰው ደረቁ ወንዝ ላይ የስምንት ሰው ዱካና የተቆፈረ መንገድ አይተው ለዳሱ ሰው ነገሩት።»

«ሰማሁ።»

«የዳሱ ሰው ሰማሁ አላቸው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የቦቴ ሹፌር መጥቶ መንገዱን ጠየቀው። ሰላም ነው አለው።»

ሰውየው ቀና ብሎ አየው። «ሰማሁ» አለ።

«ሹፌሩ ሞተ። ጋአስ ይባላል። የዳሱ ሰው እህት ባል ነው። እህትየው ስትጠይቀው ደግሞ ዋሻት።»

«ሰማሁ።»

«ከዚያ ሁመድ ኡንዳ ከሞተ በኋላ ሁመድ ኡንዳ ነገረኝ ብሎ ለማሽኑ ዋሸ። ኡዳሌ የታጠፈችው በዚህ ነው። ጉድጓዱ ተደፍኗል። የዳሱ ሰው ያዮ ደርሳ ይባላል።» ውሃ ተጎነጨ። «እኔ ነኝ።»

ሰውየው አሸዋውን በጣቱ ጫረ። ያዮ፣ ሰውየው አሁን ተነስቶ ይሄዳል ብሎ ጠበቀ።

«ሰማሁ» አለ ሰውየው በመጨረሻ። ከዚያ የያዮን ዓይን ሳያይ፣ በደረቀ ድምፅ፣ የራሱን ዳጉ ከተነሳበት ጀምሮ አንድም ሳያስቀር ሰጠው፤ ግዴታው ነውና። ያዮም እያንዳንዱን «ሰማሁ» እያለ ተቀበለ። ሰውየው ሲጨርስ ግመሎቹን አስነሳ። አብረን እንሂድ አላለውም።

አዲሱ ሰፈር የግማሽ ቀን መንገድ ይቀረዋል። ያዮ ግመሉን አሰረና ግራሩ ሥር መልሶ ተቀመጠ። ሰውየው ዳጉውን ይዞ ቀድሞት እንዲደርስ ፀሐይ እስክትበርድ እዚያው ቆየ።